እጁን ማን ጨረሰው

በጦይባ ሙሄ ሥዕል ላይ የይመር መዳፍ ክፍት ነው። ጣቶቹ ተበታትነው ወደፊት ተዘርግተዋል። ከፊታቸው የጦይባ አባት ሐጂ ሙሄ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ወደ ኋላ ተንጋለዋል። ሥዕሉን ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ ገፈተራቸው።

በወይዘሮ ብርቄ አየለ ሥዕል ላይ ያው የቦርከና ድልድይ፣ ያው ጎርፍ፣ እነዚያው ሁለት ሰዎች አሉ። የይመር እጅ ግን ጨብጧል። የሐጂ ሙሄ ኩታ ጫፍ በጣቶቹ መካከል ተወጥሮ ይታያል። ይህንንም ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ ሊያተርፋቸው ነበር።

ሁለቱም ሴቶች በቦታው ነበሩ። ሁለቱም በዚያው ዕለት፣ በየክፍላቸው ተቀምጠው፣ ማንም ሳያነጋግራቸው ሣሉ። ሁለቱም ፈረሙ። የሐጂ ሙሄ አስከሬን ከድልድዩ ቁልቁል፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት አሸዋ ላይ ተገኘ። ይመር ወልዴ ታሰረ።

ጦይባ የሣለችው ሐረግ በሚባለው መተግበሪያ ነው። ወይዘሮ ብርቄ የሣሉት ሸንበቆ በሚባለው ነው። ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራዬ የሥዕል መተግበሪያዎችን ማወዳደር ነው። የትኛው ለእጅ እንደሚቀል፣ የትኛው ተጠቃሚውን እንደሚያደናግር፣ ብዕሩ ታብሌቱን ሲነካ መስመሩ ምን ያህል እንደሚዘገይ እመዝናለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚቀጥሩኝ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አልፎ አልፎ ግን የሥዕል ችሎቱ ይጠራኛል። በሥዕል ምስክርነት አዋጅ መሠረት፣ የሁለት ምስክሮች ሥዕል ሲጋጭ ባለሙያው የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለምስክሩ ይበልጥ የተመቸው መሣሪያ የትኛው ነበር? በተሻለው መሣሪያ የተሣለው ይጸናል፤ ሌላው ይወድቃል። እጅን የሚያደናቅፍ መሣሪያ ምስክርነትንም ያደናቅፋል ነው ነገሩ። ኮሌጅ ሳለሁ ይህንን አንቀጽ ስናጠና ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር። ያልመሰለው ተማሪም አላስታውስም።

ፎቶ በማስረጃነት መቅረብ የቀረው እኔ ሳልወለድ ነው። ቪዲዮም እንዲሁ። ማንም ማንንም አስመስሎ ማሠራት ከቻለ በኋላ «ፎቶ» የሚለው ቃል የተረፈው ለስድብ ብቻ ነው። ገበያ ላይ ነጋዴ ሲዋሽ «ፎቶህን ተወኝ» ይሉታል። እናቴ ልጅ ሳለሁ «ፎቶ ነው የምትነግረኝ?» ብላ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር።

ሰው ዛሬ የሚያምነው በእጅ የተሣለውን ነው። ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ይሥላሉ፤ ክፋት አይደለም፣ ድንገት ቢያስፈልግ ብለው ነው። ሙሽሮች ሳይሣሉ ከመኪና አይወርዱም። መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ አላፊ አግዳሚው ይቆምና ይመለከታል። ጠጋ ብሎ ያስተዋለ ሰው፣ የእያንዳንዱ ቀኝ እጅ አመልካች ጣት ጭኑ ላይ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ያያል። እንዳይረሱ እየሣሉ ነው። የወደቀውን የሚያነሡት ከዚያ በኋላ ነው።

ችሎቱ የአፍ ቃል አይቀበልም። በመግቢያው ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «አፍ ይስታል፤ እጅ አይስትም።»

*

ጦይባ ወደ ቢሮዬ የመጣችው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃዋን ጨርሳ ነው። ጥቁር ሻሽ አሥራለች። ሁለቱን ታብሌቶች ጠረጴዛው ላይ ስታይ በሐረግ በኩል ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እትዬ ጦይባ፣ የሐጂን ነፍስ ይማር። የምጠይቅዎ ስለ መሣሪያው ብቻ ነው» አልኳት።

«አሜን። ጠይቅ ወንድሜ።»

«ሐረግ እንዴት ነበር? ተመችቶዎታል?»

«ጥሩ ነው። ያግዛል።»

«እንዴት?»

«እኔ መሣል አልችልም። ትምህርት ቤት እያለሁ የሥዕል ምስክርነት መምህራችን የሣልኩትን ፍየል አይተው ‹ይህቺ ወንበር ማን ላይ ነው የምትመሰክረው?› ብለውኛል።» ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። «ሐረግ ግን ያውቅሃል። አንተ ትጀምራለህ፣ እሱ ይጨርስልሃል።»

«የቱን ጨረሰልዎት?»

«ድልድዩን። ውሃውን። የአባባን ጥምጣም።» ትንሽ አሰበች። «እጁንም መሰለኝ።»

«የማንን እጅ?»

«የይመርን ነዋ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ፤ በጎኑ ሣልኩት። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ዓይኑን። ክንዱን ጀምሬ ወደ አባባ ስደርስ አቃተኝ። ብዕሩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ቀና ስል እጁ አልቆ ነበር።»

«ሲፈርሙ ልክ መሆኑን አይተዋል?»

«አይቻለሁ እንጂ። ሳየው ‹አዎ፣ እንዲህ ነው› አልኩ።»

«አሁንስ?»

ከውጭ የጭነት ባቡሩ ሲያልፍ ተሰማ፤ እስኪርቅ ድረስ ጠበቀች።

«አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ሥዕሉ ነው» አለች። «አባባም የሚመጡልኝ በሐረግ መስመር ነው። ጢማቸው ወፍራም፣ ጥቁር። የአባባ ጢም ነጭና ስስ ነበር። እንደዚያ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ላየው አልችልም።»

እየሰማሁ ጻፍኩ። ብዕሬን ስትመለከት ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ይመርና አባባ በመስኖ ተራ ተጣልተው ነበር። ድልድዩ ላይ የተገናኙትም በሱ ጉዳይ ነው። ይመር አባባን ‹አንተ› ብሎ፣ ሐጂውን፣ ‹ውሃ ይብላህ!› አላቸው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። እሳቸውም ዝም አላሉትም።»

«ይህንን ለችሎቱ አመልክተዋል?»

ቀና ብላ አየችኝ። ሞኝ የሚታይበት አስተያየት ነው።

«በምን ልሣለው?» አለች።

*

ወይዘሮ ብርቄ ከድልድዩ ራስ፣ ከአሮጌው ግንብ ሥር ቆሎና ሱፍ ይሸጣሉ። ቢሮ እንዲመጡልኝ ብጠይቃቸው «ቆሎዬን ማን ይጠብቅልኛል? ያንተ ችሎት?» ብለው መለሱኝና እኔው ሄድኩ። በርጩማ አቀበሉኝ።

«ስምህ ማን ነው?»

«ኪሩቤል።»

«ኪሩቤል! እንግዲያስ ክንፍህን ሰብስበህ ተቀመጥ፣ ደንበኛ ትጋርድብኛለህ።»

ለምን ሸንበቆን እንደመረጡ ጠየቅኳቸው።

«ያኛውንም አቅርበውልኝ ነበር፤ ሐረግ የሚሉትን። ሞክሬ ተውኩት። ነፍሱን ይማረውና ባሌን ይመስላል። እኔ አንድ ቃል ሳወጣ እሱ የቀረውን ተናግሮ ጨርሶ ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ። አንድ ይበቃኛል።»

ሳልስቅ መቆየት አልቻልኩም። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ቆሏቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ።

ከበርጩማው ሆኜ ወደ ድልድዩ አየሁ። ይመር ቆሞበት የነበረው ቦታ በቀለም ተከብቧል። ከዚህ የቆመ ሰው የሚያየው የዚያን ሰው ጀርባና ትከሻ ነው። ታብሌቱን አውጥቼ ሥዕላቸውን አሳየኋቸው። እዚያ ላይ ይመር ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሯል፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉት።

«እትዬ ብርቄ፣ ከዚህ ሆነው ፊቱን አዩት?»

«ጀርባውን ነው ያየሁት።»

«እዚህ ላይ ግን ሁለት ዓይን ሠርተውለታል።»

«ታዲያ ባንድ ዓይን ልሣለው? ይሁዳ ነው እንዴ?»

አልገባኝም። አልገባኝም አልኳቸው።

«አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ወለሉን ነው የምታየው? ጻድቃኑ ግድግዳው ላይ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ነው የሚያዩህ። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ገራፊው ነው። ይሁዳ ነው። ሰይጣን ነው። ይመር የማን ገራፊ ነው? ክረምት በመጣ ቁጥር ቆርቆሮዬን የሚመታልኝ እሱ ነው። በጎኑማ አልሥለውም።»

«ግን ዓይኑን አላዩትም።»

«የዚያን ቀን አላየሁትም። ሰውየውን ግን በየቀኑ ነው የማየው።»

«እጁንስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሎውን ተዉት።

«እጁ ተዘርግቶ ነበር። ያንን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሐጂ የሉም። እጁን ወደ ኩታቸው ጠጋ አድርጌ ሣልኩት፤ አላስነካሁትም። መስመሩ ራሱ ሄዶ ነካው።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔማ ደግ ሥራ ነው ብዬ ተውኩት» አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ ራሳቸውን እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ «ደግ ሥራ አይደለም እንዴ?» አሉ።

*

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ማወዳደሩን ጀመርኩ። ለሁለቱም እኩል ጊዜ ሰጠሁ፤ በሥራዬ የምመካበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ሸንበቆ የውጭ ሥሪት ነው፤ የኛ የሆነው ስሙ ብቻ ነው። ሲከፈት ነጭ ገጽ ያቀርብልሃል፤ ሌላ ነገር የለውም። ብዕሩን ስትጫን መስመሩ ይወፍራል፣ ስታላላ ይሳሳል። የመመለሻ ቁልፉ ከታች በግራ ስለተቀመጠ በግራ እጃቸው የሚሥሉ ሰዎች ሳያውቁት ይነኩትና ሥዕላቸው ይጠፋባቸዋል። አንድ ልማድ ደግሞ አለው። ሁለት መስመሮች ሲቀራረቡ ያገናኛቸዋል። ሠሪዎቹ ይህንን «ንጹሕ መስመር» ይሉታል። በትምህርት ቤት ቅጂው ማጥፋት ይቻላል፤ በምስክርነት ቅጂው አይቻልም። ኩባያ አጠገብ የተሣለ እጅ ኩባያውን ያነሣል። አንገት አጠገብ የተሣለ እጅ አንገቱን ያንቃል።

ሐረግ የኛው ልጆች ሥራ ነው። ሲከፈት በስምህ ሰላም ይልሃል። ብዕር መያዝህን እስክትረሳ ድረስ መስመሩ ቀድሞህ ይሄዳል። «እንደ እኛ የሚሥል» ነው ማስታወቂያው፤ እውነትም ነው። የተማረው ከሀገሩ ሥዕል ነው፤ ከብራና፣ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ከሸራ። የሰው ፊት ስትጀምርለት ያ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ቀድሞ ያውቃል።

በመስኮቴ ትይዩ ካለው ቤት አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣ ነበር። በሐረግ ሣልኳት። ከጎን ነበር የምትታየኝ፤ በጎን ጀመርኩ። ዓይኗን እንደጨረስኩ ብዕሬን አነሣሁ። ወደ ገመዱ የተዘረጋው ክንዷ ከኋላ ተጎትቶ ጫፉ ላይ ድንጋይ የያዘ እጅ አበቀለ። ልትወረውር ነው። አጠፋሁና እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ፊቷን ወደ እኔ አዙሬ ሁለት ዓይን ሠራሁላት፤ እንዲህ አልነበረችም። ክንዷን እንዳለ ተውኩት። ሐረግ መዳፏን በለሰለሰ መስመር ከሸሚዙ ጋር አያያዘው።

ልብስ የምታሰጣ፣ የሚሮጥ፣ ሕፃን የሚያቅፍ ሰው እየቀያየርኩ ሞከርኩ። አንድ ዓይን ያለው ሁሉ እጁ ይከፋል፤ ይመታል፣ ይገፋል፣ ይወረውራል። ሁለት ዓይን ያለው ይይዛል፣ ያነሣል፣ ያጎርሳል። ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘውም። ከግድግዳዎቻችን ያገኘውን ነው የያዘው።

ጦይባ የግድግዳ ሥዕል ስታይ ያደገች አይደለችም። ይመርን በጎኑ የሣለችው ከጎኑ ስለቆመች ነው። ወይዘሮ ብርቄ ፊት ለፊት የሣሉት ከኋላው ቆመው ነው። የአንዷ ዓይን እውነት ነው፤ እጁን ግን ሐረግ ነው የሠራው። የሌላዋ ዓይን ምኞት ነው፤ እጁን ያስጨበጠው ሸንበቆ ነው። የይመርን እጅ ከሁለቱ ሴቶች አንዳቸውም አልሣሉትም።

ከዚያ በኋላ እንደ ደንቡ ከመንገድ ሰዎች ጠርቼ ሁለቱንም አስሞከርኩ፤ ሹፌር፣ ነርስ፣ ጡረተኛ፣ ተማሪ። መልሱ ተመሳሳይ ነበር። ሸንበቆን «ደረቅ ነው» አሉት። ስለ ሐረግ ጡረተኛው «ያውቀኛል» አሉ። ነርሷም ቃል ሳትለውጥ እንዲሁ አለች። ያጣመመባቸውን እጅ ሳሳያቸው እንኳ ቅር አላላቸውም፤ «እንዲህ ነበር የፈለግሁት» አሉ።

አዋጁ በሚጠይቀው መመዘኛ ሁሉ ሐረግ ይበልጣል። ሐረግ ከበለጠ ክፍቱ መዳፍ ይጸናል። ክፍቱ መዳፍ ከጸና ይመር ወልዴ ከዕድሜ ልክ እስራት አይተርፍም። ላመልጠው የምችልበት መንገድ አልነበረም፤ ሸንበቆ ይሻላል ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ውሸቱ ደግሞ የሚያጸናው ሌላ ያልታየ እጅ ነው።

*

ከችሎቱ በፊት ውጤቱን ለምስክሮች ማሳየት ግዴታ ነው። ወይዘሮ ብርቄ አልመጡም። ጦይባ መጣች። የዚያችን ልብስ የምታሰጣ ሴት ሁለቱንም ሥዕሎች አሳየኋት። ስለ ዓይንና ስለ እጅ ያገኘሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

«ታዲያ አልገፋቸውም ልትለኝ ነው?» አለች።

«አላውቅም። መግፋቱንም፣ መያዙንም ከነዚህ ሥዕሎች ማወቅ አይቻልም ነው የምለው።»

«ፎቶ እንዳይሆን።»

«አይደለም።»

«እስቲ ስጠኝ።» ብዕሩን ከእጄ ወሰደችው።

ምን እንደምትሥል አልጠየቅኋትም። በሐረግ ላይ በዝግታ ጀመረች። ሽማግሌ ሰው ነው፤ ከጎን። ጥምጣም፣ የተቆለመመ አፍንጫ፣ አንድ ዓይን። ከሥሩ የሴት ልጅ ራስ፤ ጎንበስ ያለች፣ ቁንዳላ ጸጉር ያላት። የሽማግሌው ክንድ ወደ ልጅቷ ራስ ወረደ።

«ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር» አለች፣ ከሥዕሉ ሳትነቀል። «በቀኝ እጃቸው። ቁጭ ብለው፣ እኔ እንደዚህ ጎንበስ ብዬ።»

ብዕሩን አነሣች።

የሐጂ ሙሄ ክንድ ቀና አለ። መዳፋቸው ተዘርግቶ ከልጅቷ ጉንጭ በላይ ቆመ። ልጅቷ በራሷ ጊዜ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች፤ ያንንም ጨርሶላት ነበር።

ጦይባ የመመለሻ ቁልፉን ነካች። ክንዱ ጠፋ። እንደገና ሣለችው። ክንዱ እንደገና ቀና አለ። ለሦስተኛ ጊዜ አልሞከረችም።

«አባባ መትተውኝ አያውቁም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም» አለችኝ በቀስታ። «አንተ አላየሃቸውም። እኔ ነኝ የማውቀው።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፤ ሻሿን አጥብቃ ወጣች።

*

ችሎቱ የተሰየመው ጠዋት ነው። ሰብሳቢዋ ዳኛ ትርንጎ ናቸው። በታጋሽነታቸው ይታወቃሉ፤ እኔም ሌላ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከበስተጀርባቸው ሁለቱ ሥዕሎች በግድግዳው ቁመት ልክ ተተክለዋል፤ በግራ ክፍቱ መዳፍ፣ በቀኝ የጨበጠው እጅ።

ይመር በሁለት ጠባቂዎች መካከል ተቀምጧል። ተከሳሽ ስለ ራሱ መሣል አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ሁለቱም እጆቹ እስከ ክንዱ ድረስ በወፍራም ጓንት ተሸፍነዋል። ስለነዚያ እጆች ያን ያህል ቀን ስጽፍ ከርሜ አንድም ጊዜ አላየኋቸውም። የዚያን ቀንም አላየኋቸውም።

ወይዘሮ ብርቄ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ጦይባ ከሟች ቤተሰብ ጋር በሌላው ወገን ናት። አጎቶቿ በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል።

«ባለሙያው ይቅረብ» አሉ ዳኛዋ። ቀረብኩ። «ሪፖርትህን አንብበናል። ረጅም ነው።»

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ዓይንና እጅ ስለምትለው ነገር ብዙ ጽፈሃል። ችሎቱ የጠየቀህ ግን አንድ ነገር ነው። ለምስክሩ ይበልጥ የተመቸው የትኛው ነው?»

«ለመጠቀም የተመቸው ሐረግ ነው። ግን—»

«ሐረግ።» ጸሐፊው መዘገበ።

«ግን፣ ክብርት ዳኛ፣ መመቸቱ ራሱ ነው ችግሩ። ሁለቱም መሣሪያዎች እጁን ራሳቸው ነው የጨረሱት። ሁለቱም ሥዕሎች መውደቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።»

«ልጄ፣ ‹ግን› የሚገባበት ሣጥን የለንም» አሉ። ያሾፉ አልመሰለኝም፤ ያዘኑ መሰለኝ። «ሁለቱም ይውደቁ የሚል አንቀጽ አዋጁ ላይ ካለ አሳየኝ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

የለም። ሁለቴ አንብቤው ስለነበር አውቃለሁ።

«የለም» አልኩ።

«እንግዲያው በሐረግ የተሣለው ይጸናል።» በግድግዳው ላይ በቀኝ በኩል ያለው ሥዕል መደብዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ኩታው፣ ከዚያ የጨበጡት ጣቶች። ወይዘሮ ብርቄ «ኧረ በእግዚአብሔር!» አሉ፤ አንዱ ጠባቂ በትሕትና ዝም እንዲሉ ጠቆማቸው። ይመር ግድግዳውን አላየም። ጓንቶቹን ነበር የሚያየው።

«ምስክር ጦይባ ሙሄ» አሉ ዳኛዋ፣ «ከውሳኔው በፊት ሥዕልሽን አጽኚ። የኔ ነው ማለት ብቻ ይበቃል።»

ጦይባ ተነሣች። አንደኛው አጎቷ «በርቺ ልጄ» አሏት።

«የኔ አይደለም» አለች።

አጎቷ እጇን ያዙ፤ ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«ድልድዩ የኔ ነው። ዓይኑም የኔ ነው። እጁ ግን የኔ አይደለም። እጁን አውጡልኝና የቀረውን አጸናለሁ።»

ዳኛ ትርንጎ መነጽራቸውን አወለቁ። «እህቴ፣ ያልተጠናቀቀ ሥዕል መዝገቡ አይቀበልም። እጁን ካነሣሽ ሥዕሉ በሙሉ ይነሣል። ይህ ያባትሽ የመጨረሻ ምስል ነው፤ ይደመሰሳል። ሰውየውም በነጻ ሊሄድ ይችላል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሥዕሉን ያነሣ ምስክር ደግሞ እጁ ይታገዳል። ከእንግዲህ ለማንም መሣል፣ በምንም ላይ መፈረም አትችይም። ዕድሜሽን ሙሉ። ሐረግ የሣለልሽን እጅ አጽንተሽ ብትቀመጪ ማንም አይፈርድብሽም።»

«አንቺ!» አሉ አጎቷ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «የአባትሽን ደም ልትተዪ ነው?»

ጦይባ ወደ አጎቷ አልዞረችም። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ወፍራሙን፣ ጥቁሩን ጢም። ከዚያ ይመርን አየችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ከቆምኩበት የሚታየኝ የፊቱ አንድ ጎን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነበር። ከዚያ ላይ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

«አጎቴ፣ የአባባን ደም አልተውኩም» አለች። ወደ ዳኛዋ ዞረች፤ ከመድረኩ አጠገብ ያለውን የመሣያ ጠረጴዛ አልፋ፣ ማንም ቆሞበት የማያውቀው ባዶ ወለል ላይ ቆመች።

«እጄን እገዱት» አለች ጦይባ፣ እስከ ኋላው ወንበር በሚሰማ ድምፅ። «የይመርን እጅ አላየሁም። አባባን ሲራገም ግን ሰምቼዋለሁ። ያየሁትንም፣ ያላየሁትንም፣ የሰማሁትንም፣ ሁሉንም በአፌ እመሰክራለሁ።»